ነፋስና ውኃ፦ በአዳማ ቤቶች ስኔክ ፕላንትን የሚገድሉ ስህተቶች

አዳማ መጥቼ በተከራየኋት የመጀመሪያ ክፍል ውስጥ የነበረኝ ንብረት አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ስኔክ ፕላንት፣ ማለትም ወፍራም ቅጠሉ እንደ ጦር የሚቆም የቤት ተክል፣ ነበር። ተክሉን ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ ስገዛ ሰውየው ብሬን እየቆጠረ፣ "ይህ አይሞትም፤ ደግሞም ገንዘብ ይጠራል" አለኝ። በአራተኛው ወር ሞተ። ገንዘቡም እስካሁን አልመጣም።

ሻጩ ግን ግማሹን እውነት ተናግሯል። ለረጅም ዘመን ሳንሰቬሪያ ሲባል የኖረው፣ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ የዕፅዋት ሊቃውንት ወደ ድራሲና ወገን ያዛወሩት ይህ ተክል ትውልዱ ከናይጄሪያ እስከ ኮንጎ ባለው ምድር ነው። የሩቅ ዘመዶቹ እዚሁ በአዋሽ ሸለቆ፣ በግራር ሥር ባለው ደረቅ ቁጥቋጦ መካከል በቅለው ይታያሉ፤ ቅጠላቸው ሲፋቅ እንደ ቃጫ ለገመድ የሚሆን ጭረት ይሰጣል። ከድርቅ ጋር የተላመደ ዘር ስለሆነ በዘንጊ ሰው ቤት ዓመታት ይቆያል። የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በሚሳሳለት ሰው እጅ ነው።

ፌንግ ሹይ የሚባለው የቻይናውያን የቤት አደላደል ጥበብ ደግሞ ስሙ በቀጥታ ሲተረጎም "ነፋስና ውኃ" ማለት ነው። አዳማ ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ስም የራሱ ጣዕም አለው። ከከተማችን ዳር ኮረብታ ላይ የሚሽከረከሩት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2015 የተመረቁት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም የተተከለላቸው በከንቱ አይደለም። የተክላችንም ዕጣ የሚወሰነው በእነዚሁ በነፋስና በውኃ ነው። "ይህስ ባዕድ አምልኮ አይደለም ወይ?" ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። እኔ የምይዘው እንደ ቤት ወግ ነው። እኛስ ብንሆን ሽማግሌን በር ሥር አናስቀምጥም፤ ለበዓል ቄጤማ እንጎዘጉዛለን፤ ለረከቦቱም ቦታ አለው። ማመን የማይፈልግ ሰው ወጉን ትቶ የአትክልተኝነቱን ክፍል ብቻ ሊወስድ ይችላል።

በየቀኑ ማጠጣት

የመጀመሪያውን ተክሌን የገደልኩት ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ከጆጉ የተረፈውን ውኃ እያፈሰስኩበት ነው። አከራዬ፣ እማማ የምላቸው፣ ደግሞ ቡና ባፈሉ ቁጥር የጀበናውን አተላ ይደፉበት ነበር፤ "ለአበባ ፍቱን ነው" ይላሉ። እንግዳ ሲመጣ ብርጭቆ የታጠበበትም ውኃ የሚሄደው ወደዚያው ነው። ተባብረን አሰጠምነው።

ወፍራሙ ቅጠል የውኃ ጎተራ ነው። ከአፈሩ ሥር የተጋደመው ግንድ መሰል ሥርም እንዲሁ ያጠራቅማል። ከዚህ በላይ፣ ብዙ ዕፅዋት ቀን ቀን በቅጠላቸው ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከፍተው እርጥበታቸውን ለፀሐይ ሲያስረክቡ፣ ይህኛው ቀን ዘግቶ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ነው የሚከፍተው። ስለዚህ ከሚሰጠው ውኃ የሚፈልገው ጥቂቱን ነው። የቀረው አፈሩ ውስጥ ተኝቶ አየሩን ያስወጣል፤ ሥሩ ይታፈናል፤ ከዚያ ይበሰብሳል።

ሰውን የሚያታልለው የበሽታው መልክ ነው። ሥሩ የበሰበሰ ተክል መጠጣት ስለማይችል ቅጠሉ ይጨማደዳል፤ የተጠማ ይመስላል። ባለቤቱም አዝኖ ይጨምርለታል። ልዩነቱን ለማወቅ የቅጠሉን ግርጌ፣ ከአፈሩ የሚወጣበትን ቦታ፣ በጣት ጫን ማድረግ ነው። የተጠማው ቁመቱን ተከትሎ ቢጨማደድም ግርጌው ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ግርጌው ይለሰልሳል፣ ይቢጫል፣ ይሸታል፤ ሳብ ሲያደርጉት ያለ ትግል እጅዎ ላይ ይቀራል።

ለማጠጣት ቀን መቁጠር ብቻውን አይበቃም። ደረቅ የእንጨት ስንጥር እስከ ማሰሮው ወለል ድረስ ያስገቡ፤ አሥር ደቂቃ ያህል ቆይተው ያውጡት። ርሶ ወይም አፈር ተጣብቆበት ከወጣ ተክሉን ይተዉት። ደርቆ ከወጣ እስኪያፈስ ድረስ አጠጥተው፣ ከሥር ሳህን ላይ የተጠራቀመውን ውኃ ይድፉ። እኔ ቤት ይህ በበጋ በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ፣ በክረምት ደግሞ በወር አንዴ ወይም ከዚያ በላይ ዘግይቶ ይደርሳል። የቡናውን አተላ በተመለከተ፣ ደርቆ ከብስባሽ ጋር ሲብላላ ይጠቅማል፤ እርጥቡን በየቀኑ ማሰሮ ላይ መከመር ግን ሻጋታ ማርባት ነው። ይህን ለእማማ ለማስረዳት የወሰደብኝን ጊዜ አልናገርም።

ብስባሹ ግንዱን ጨርሶ ካልያዘው መዳን አለ። ተክሉን ነቅለው አፈሩን ያራግፉ፤ ጠቁሮ የሟሸሸውን ሁሉ በንጹሕ ቢላዋ ቆርጠው ይጣሉ፤ ጥላ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን አድርቀው በደረቅ አዲስ አፈር ይትከሉት። ከዚያ ለአንድ ሳምንት ያህል ጠብታ ውኃ አይስጡት። ከባዱ ሥራ ይህ የመጨረሻው ነው።

በሌላ አገር ወቅት መመራት

የውጭ አገር መመሪያዎች "ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ውኃ ቀንሱ" ይላሉ። ለእነሱ ልክ ነው፤ ያኔ ብርሃናቸው አጥሮ ብርዳቸው ይበረታል። አዳማ ግን በእነዚያ ወራት ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አየሩ ደረቅ፣ ነፋሱም አፈርን በቶሎ የሚያደርቅ ነው። የእኛ የአደጋ ወራት ሐምሌና ነሐሴ ናቸው፦ ደመና፣ እርጥበት፣ የማይደርቅ ማሰሮ። ተክሌ የሞተው በነሐሴ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ከበጋው መጠንቀቅ ያለብዎ የሌሊቱን ብርድ ነው። ተክሉ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ይጎዳልና በኅዳርና በታኅሣሥ ደጅ እንዲያድር አይተዉት።

ጠጠር ከሥር መደልደል

ቀዳዳ በሌለው ማሰሮ ከሥር ጠጠር ደልድሎ "ውኃው ወደዚያ ይወርዳል" ማለት በጣም የተለመደ ነው፤ እኔም ከእናቴ የተማርኩት እንደዚያ ነበር። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ደቃቁ አፈር ውኃን እንደ ስፖንጅ ይዞ ወደ ጠጠሩ በቀላሉ አይለቅም። እርጥቡ ክፍል ከጠጠሩ በላይ፣ ሥሩ ባለበት ቦታ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ጠጠሩ የረዳው ነገር ቢኖር ማሰሮውን ማጥበብ ነው። የሚያስፈልገው ቀዳዳ ነው። የቀለም ባልዲም ሆነ የተቆረጠ ጀሪካን በጋለ ሚስማር አራት አምስት ቦታ ቢበሳ ከውዱ ባለ ቀለም ሴራሚክ ይሻላል። ሴራሚኩን ከወደዱት ተክሉን በተበሳ ፕላስቲክ ውስጥ ተክለው እሱን እንደ ካባ ያልብሱት።

አፈሩን በተመለከተ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ መኖራችን መታደል ነው። እሳተ ገሞራ የተፋው ቀላል ነጭ ድንጋይ፣ ብሎኬት ሠሪዎች ፓሚስ የሚሉት፣ በከተማችን ዙሪያ ሞልቷል፤ ቀይ አሽም እንዲሁ። የውጭ አገር ሰዎች በትንንሽ ከረጢት በውድ የሚገዙትን ነው እኛ የምንገነባበት። ሁለት እጅ ተራ አፈር፣ ሁለት እጅ እንደ ሽምብራ የደቀቀ ፓሚስ ወይም ቀይ አሽ፣ አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽ ይበቃዋል። ሲረጥብ እንደ ጭቃ የሚጣበቀውን መረሬ አፈር ብቻውን አይጠቀሙ።

ማሰሮውም ሰፊ አይሁን። ይህ ተክል ጥበትን ይወዳል፤ አንዳንዴም ሥሩ ፕላስቲኩን ገፍቶ እስከ መሰንጠቅ ይደርሳል። ነፋስ በሚገባበት ቤት ውስጥ ረጃጅሙ ዓይነት ቀላል ፕላስቲክ ላይ ቆሞ አይጸናም። የእኔው በር በነፋስ በተወረወረ ቁጥር ይወድቅ ነበርና ሸክላ ገዛሁለት።

ጫፉ ሲደርቅ ውኃ መጨመር

የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆኖ ከደረቀ ብዙ ሰው ወደ ጆግ ነው የሚሮጠው። እዚህ ግን ሊጠረጠር የሚገባው የውኃው መጠን ብቻ ሳይሆን ዓይነቱም ነው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን በሸለቆው ከዚያ እጅግ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ፤ በአካባቢያችን ያደጉ ሰዎች ጥርስ ላይ የምናየው ቡናማ ቀለም ምስክር ነው። የድራሲና ወገን የሆኑ ዕፅዋት ደግሞ ፍሎራይድን ወደ ቅጠላቸው ጫፍ ገፍተው እዚያ ያከማቹና ጫፉ ይቃጠላል። ስኔክ ፕላንት ከዘመዶቹ የተሻለ ይታገሣል። "የዕድል ቀርከሃ" እየተባለ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ የሚሸጠው ግን ቀርከሃ ሳይሆን ራሱ ድራሲና ስለሆነ ክፉኛ ይጎዳል።

ውኃውን አፍልቶ ማቀዝቀዝ አይረዳም። ፍሎራይድ አይተንም፤ እንዲያውም ውኃው ሲቀንስ እሱ ይጠነክራል። ባልዲ ውስጥ ማሳደርም ክሎሪኑን እንጂ ፍሎራይዱን አያወጣም። ከአዋሽ ተስቦ የሚጣራው የቧንቧ ውኃ ከጥልቅ ጉድጓዱ ይሻላል። ከሁሉም የሚበልጠው ከጣሪያ የወረደ የክረምት ዝናብ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ የቆርቆሮውን አቧራ ካጠበ በኋላ አንድ ሁለት ጀሪካን መሙላት ውኃ ለማያበዛ ተክል እስከ ፋሲካ ድረስ ይዘልቃል። የደረቀውን ጫፍ በመቀስ መልክ አስይዞ መቁረጥ ይቻላል፤ ተመልሶ ግን አይለመልምም።

ለሀብት ብሎ ጨለማ ውስጥ መክተት

አሁን ወደ ፌንግ ሹይ። በዚህ ጥበብ ተክል ከአምስቱ ባሕርያት፣ ማለትም ከእንጨት፣ ከእሳት፣ ከመሬት፣ ከብረትና ከውኃ፣ የእንጨት ወገን ነው። የእንጨት አቅጣጫ ምሥራቅና ደቡብ ምሥራቅ ሲሆን ደቡብ ምሥራቁ የሀብት ጥግ ይባላል። ምዕራብና ሰሜን ምዕራብ የብረት ናቸው፤ ብረት እንጨትን ይቆርጣልና ለተክል አይመረጡም። እስከዚህ ቀላል ነው።

ስህተቱ የሚመጣው ሁለት ትምህርት ሲቀላቀል ነው። ጥንታዊው መንገድ ሎፓን በሚባል ኮምፓስ ይሠራል፤ ደቡብ ምሥራቅ ማለት በእውነት ደቡብ ምሥራቅ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋው ሌላው ትምህርት ግን ኮምፓስ ትቶ ከዋናው በር ይነሣል፤ በሩ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ ሲያዩ በግራ በኩል ያለው የመጨረሻ ጥግ የሀብት ነው ይላል። ሁለቱ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጥጎች ሊያሳዩ ይችላሉ። አንዱን ይምረጡ። በየሳምንቱ ማሰሮ እየጎተቱ መዞር ለተክሉም ለወገብም ጥሩ አይደለም። በስልክ ኮምፓስ ከለኩም ከብረት በርና ከብረት መስኮት ራቅ ብለው ቤቱ መካከል ይቁሙ፤ ብረት አቅጣጫውን ያዛባዋል። እኔ መጀመሪያ በሩ ሥር ቆሜ ለክቼ ሀብቴን መጸዳጃ ቤት ውስጥ አግኝቼው ነበር።

ዋናው ጉዳይ ግን ብርሃን ነው። የእኛ የኪራይ ክፍሎች አብዛኛውን ጊዜ አንድ መስኮት ነው ያላቸው፤ የሀብቱ ጥግ ከቁም ሣጥን ጀርባ ቢውል ምን ይደረጋል? ስኔክ ፕላንት ጨለማን ይችላል ሲባል ቶሎ አይሞትም ለማለት እንጂ ይስማማዋል ለማለት አይደለም። አዲስ ቅጠል ማውጣት ያቆማል፤ ካወጣም ቀጥኖ ይልፈሰፈሳል። ጨለማ ውስጥ አፈሩም ስለማይደርቅ የውኃው አደጋ ይብሳል። ፌንግ ሹይ ራሱ ቢጫ የሆነና የደረቀ ተክል ቤት ውስጥ ከሚኖር ጨርሶ ባይኖር ይሻላል ይላልና፣ ለሀብት ተብሎ በጨለማ የሚገደል ተክል በራሱ በጥበቡ ሕግም ኪሳራ ነው። ጥጉን ከፈለጉ ሁለት ማሰሮ ይዘው በየሦስት ሳምንቱ ከመስኮቱ ጋር ያፈራርቁ።

እንደ ጦር የቆመው ሹል ቅጠል በፌንግ ሹይ ዓይን ጠባቂ ነው። ስለዚህ ከመግቢያው በር ጎን ይወደዳል፤ በሰው መቀመጫ፣ በማዕድ ወይም በአልጋ ራስጌ ትይዩ ግን አይመከርም። ይህን ያለ እምነትም እቀበለዋለሁ፤ ለቡና ጎንበስ ያለ እንግዳ ዓይኑ አጠገብ ሹል ነገር ማቆም ምን ይባላል? ከሰል ማንደጃውም አጠገብ አይሁን። እንጨት እሳትን ይመግባል የሚለውን ትቼ፣ ሙቀቱ ቅጠሉን እንደሚያቃጥለው በዓይኔ አይቻለሁ።

መስኮትን ሁሉ አንድ ማድረግ

"ደቡብ የሚያየው መስኮት ሁልጊዜ ብሩህ ነው" የሚለውም የሌላ አገር ምክር ነው። አዳማ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል፣ በቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል ናት። ሁለቱም መስኮቶች ተራ አላቸው። የሚያስፈራው የምዕራቡ ነው፤ ከቀትር በኋላ ያለው ፀሐይ ከመስታወቱ ጋር ተባብሮ ቅጠሉ ላይ ነጭ ጠባሳ ይተዋል። የምሥራቅ መስኮት የጠዋት ፀሐይ ይስማማዋል፤ ፌንግ ሹይም ኮምፓስም አትክልተኛም የሚስማሙበት ብርቅ ቦታ ይህ ነው። ከጨለማ ያወጡትን ተክል ግን በአንድ ቀን ፀሐይ ላይ አይጣሉት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ያቅርቡት።

የበጋው ነፋስ ይዞት የሚገባው አቧራ ቅጠሉን ሲያለብሰው ብርሃን ይቀንስበታል። በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይበቃል። ዘይት፣ ወተት፣ ቅቤ ቀብቶ ማብለጭለጭ የቅጠሉን ቀዳዳ ይደፍናል፤ አቧራውንም ባሰ ሁኔታ ያጣብቃል።

አየር ያጣራል ብሎ መኝታ ቤት መሙላት

ወሬው መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1989 የናሳ ተመራማሪዎች ተክሉን በታሸገ ትንሽ ሣጥን ውስጥ አስገብተው አንዳንድ የኬሚካል ትነቶችን ሲቀንስ አይተዋል። ቤት ግን የታሸገ ሣጥን አይደለም፤ የአዳማ ቤትማ ጭራሽ። እ.ኤ.አ. በ2019 የቀድሞዎቹን ሙከራዎች የመረመረ ጥናት፣ ተራ የአየር ዝውውር የሚሠራውን ለመሥራት በአንድ ካሬ ሜትር ወለል ከ10 እስከ 1,000 ማሰሮ እንደሚያስፈልግ አስልቷል። መስኮቱን ይክፈቱ። ሌሊት ኦክስጅን ያወጣል የሚባለውም ልክ አይደለም፤ ሌሊት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል እንጂ ኦክስጅን የሚሠራው በብርሃን ነው። ተክሉ መልኩ ካስደሰተዎ ያ በቂ ምክንያት ነው።

ማዳበሪያን በተመለከተ አጭር ነኝ፦ ከገበሬ ዘመድ የተላከ ዩሪያ በእፍኝ አይጨመርም። የበሰለ ብስባሽ በዓመት አንዴ ከላይ መነስነስ ይበቃል። ሕፃን ወይም ድመት ካለ ደግሞ ማሰሮው ከፍ ይበል፤ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ሳፖኒን ሲበላ ያስታውካል፣ ሆድም ያበላሻል።

ቢጫውን ጠርዝ በቅጠል ለማባዛት መሞከር

ለማባዛት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ተክሉን ነቅሎ ከሥሩ መክፈል ነው። ሌላው ቅጠሉን ጣት ጣት በሚያህል ቁራጭ ቆርጦ፣ ቁስሉ እንዲደርቅ ሦስት አራት ቀን ጥላ ውስጥ አቆይቶ፣ ወደ ሥር የነበረውን ጫፍ ወደ ሥር አድርጎ መትከል ነው፤ ከተገለበጠ ሥር አያወጣም። ጊዜውም ወራት ነው። ላውረንቲ የሚባለው ባለ ቢጫ ጠርዝ ዓይነት ግን በቅጠል ሲተከል ቢጫውን ያጣል፤ አዲሱ ቡቃያ ተራ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ቢጫውን ማቆየት የሚቻለው ከሥር በመክፈል ብቻ ነው።

ይህን ሳላውቅ ከሁለተኛው ተክሌ አንድ ቅጠል ቆርጬ ለእማማ ሰጠኋቸው። ከሰባት ወር በኋላ አረንጓዴው ብቅ ሲል፣ "አንተ ልጅ፣ ጥሩውን ለራስህ አስቀረህ አይደል?" አሉኝ። ብምል ብገዘት አላመኑኝም። ተክሉን በቅያሜ ከበራቸው ጎን አስቀምጠው አተላም ውኃም ነፈጉት። ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ከእኔው በአንድ ስንዝር ይበልጣል።